ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ልግዛ ወይስ ባለ 27?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የምሠራው ቤቴ ሆኜ ነው። እስካሁን ላፕቶፕ ላይ ነበርኩ። ዓይኔ ስላስቸገረኝ ሞኒተር ልገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁ። አንዱ ባለ 24 ኢንች፣ ቀጥ ያለ፣ 75 ሄርዝ ነው። ሌላው ባለ 27፣ ጎበጥ ያለ፣ 165 ሄርዝ፤ ልጄ "ይኼን ግዢ" እያለ ይወተውተኛል። ሁለቱም ፉል ኤችዲ ናቸው፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ቀን ኤክሴልና ኢሜይል፣ ማታ ፊልም፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የልጄ ጌም ነው። ጠረጴዛዬ ጠባብ ናት፤ ግድግዳ ተጠግታ የቆመች፣ ከግድግዳው እስከ እኔ በኩል ያለው ጠርዝ 50 ሴንቲ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ይቆረቁረኛል፣ ይቀላል፤ አንገቴንም ያመኛል። ለማንበብ ከመንገድ የገዛሁት ፕላስ 2 መነጽር አለኝ። ሲያቃጥለኝ ከፋርማሲ የገዛሁት ዴክሳሜታዞን ጠብታ ያበርድልኛል፤ ከጀመርኩት ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። እናቴ የዓይን ግፊት አለባት። የትኛው ለዓይኔ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞኒተሩን እንመርጣለን። ግን ከደብዳቤዎ ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ አለፍ አድርገው የጠቀሱት ጠብታ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ቅላትን ቶሎ ያጠፋል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ለሳምንታት ሲጨምሩት ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ ሲጨምር ብዙ ጊዜ አያምም፣ ዓይንን አያቀላም፣ እይታንም ወዲያው አይጋርድም። ሰው ሲነቃ የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ይገኛል፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ተመልሶ አይድንም። እየቆየ ሲሄድ የዓይን ሞራም ያመጣል። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ (በተለምዶ "የዓይን ግፊት" የምንለው በሽታ) ያለበት ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እርስዎም ከነዚህ አንዷ ነዎት። ስለዚህ ሁለተኛ ብልቃጥ እንዳይገዙ። በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ግፊትዎን ያስለኩ፣ ነርቩንም ያስመርምሩ። ሞኒተሩ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሻጩም ልጅዎም ስለ ስክሪኑ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ሜትር ያምጡ ነው የምለው።

ሞኒተር በእግሩ ሲቆም ስክሪኑ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ከጠረጴዛዎ የሚተርፈው 35 ነው። ወንበሩን ተደግፈው ሲቀመጡ ዓይንዎ ከጠረጴዛው ጠርዝ 20 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። ድምሩ 55። ይህ ደህና ርቀት ነው፤ ለኮምፒውተር የምንመክረው ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ነው። ክንድዎን ሲዘረጉ ጣትዎ ስክሪኑን የሚነካበት ማለት ነው በግምት። ችግሩ 27ቱ ወደ ጎን 60 ሴንቲ ገደማ ይሰፋል። ከርቀቱ ይበልጣል ማለት ነው! ኤክሴልዎ ላይ ከመጀመሪያው ዓምድ እስከ መጨረሻው ለመሄድ ዓይንዎ ብቻ አይበቃም፣ አንገትዎም አብሮ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ። 24ቱ 53 ሴንቲ ስለሆነ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ይመጥናል።

ሌላም አለ። ሁለቱም ፉል ኤችዲ ከሆኑ የሁለቱም የነጥብ ብዛት እኩል ነው፤ 1920 በ1080። 27ቱ ያንኑ ነጥብ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ በተን አድርጎታል። በአንድ ኢንች 24ቱ ላይ 92 ገደማ ነጥብ አለ፣ 27ቱ ላይ 82። ፊልምና ጌም ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም። ፊደል ላይ ግን ይታወቃል፤ በተለይ የኛ ፊደል ላይ። የ"ሹ" ቅጥያ መሐል ላይ ናት፣ የ"ሺ" ታች ናት፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ጭረት ናት። ሱቅ ሲሄዱ በፍላሽ የራስዎን ፋይል ይዘው ይሂዱ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር በ11 መጠን ይክፈቱ። ካዕቡና ሣልሱ እየተምታታ ፊትዎን ወደ ስክሪኑ ካስጠጋዎት፣ ያ ስክሪን በዚያ ርቀት አይሆንዎትም።

ለ27ቱም ጠበቃ ልቁምለት። ፊደሉ እሱ ላይ አንድ ስምንተኛ ያህል ገዘፍ ይላል። ከአርባ በኋላ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጠረጴዛዎ 80 ሴንቲ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይገለበጥ ነበር። 27ቱን ራቅ አድርገው ያስቀምጡት እል ነበር፤ ስክሪን በራቀ ቁጥር የ43 ዓመት ዓይን አጥርቶ ለማየት የሚለፋው ያንሳልና። ባለ 27 ሆኖ ነጥቡ 2560 በ1440 የሆነ ካገኙም ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥራቱ ከ24ቱም ይበልጣል። ዋጋውም እንዲሁ። አሁን ባሉት ሁለት ምርጫዎችና በዚያች ጠረጴዛ ግን 24ቱን ይግዙ።

አንገትዎን የሚያሳምምዎ ግን መነጽሩም ጭምር ይመስለኛል። አንድ ቀላል ሂሳብ ላሳይዎት፤ ሙያዎ ስለሆነ ይወዱታል። 100ን ለመነጽሩ ፓወር ያካፍሉ። ፕላስ 2 ከሆነ 50 ይመጣል። ሩቅ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይ ሰው በዚያ መነጽር ከ50 ሴንቲ በላይ ያለው ነገር ይደበዝዝበታል። የላፕቶፕዎ ፊደል ሲደበዝዝብዎ ምን ያደርጋሉ? አገጭዎን ቀስረው ወደ ፊት ይጠጋሉ። ማታ አንገትዎ ይጮኻል። ለ55 ሴንቲ ርቀት ከዚያ ቀለል ያለ መነጽር ሊበቃዎት ይችላል፤ ፕላስ 1.50 ለምሳሌ እስከ 67 ሴንቲ ያሳያል። የመንገድ መነጽር ደግሞ የግራና የቀኙ ፓወር አንድ ነው፣ ሲሊንደርም (የዓይን ጉብጠት እኩል አለመሆንን የሚያርመው ክፍል) የለውም። የብዙ ሰው ሁለት ዓይን ግን እኩል አይደለም። ለመጽሐፍ የታዘዘና ለኮምፒውተር የታዘዘ መነጽርም ይለያያል። መጽሐፍ 40 ሴንቲ ላይ እንይዛለን፣ ሞኒተር ራቅ ይላል።

ሄርዙን (ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ) በተመለከተ ልጅዎ ለጌሙ ልክ ነው። 165 ሄርዝ ላይ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፣ ማውሱም ደስ ይላል። ለዓይን ጤና ብሎ ብር የሚጨመርበት ነገር ግን አይደለም። "60 ሄርዝ ዓይን ያጠፋል" የሚባለው ወሬ የመጣው ከድሮዎቹ ሆዳም ሞኒተሮች ነው፤ እነሱ እውነትም ይርገበገቡ ነበር። ጉብጠቱ በዚህ መጠን የምርጫ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሂሳብ ሠራተኛ የኤክሴሉ መስመር የጎበጠ እየመሰለው ይናደዳል፣ ሌላው በሁለት ቀን ይረሳዋል።

ከሄርዝ ይልቅ ሱቅ ውስጥ ይህን ይሞክሩ። የስክሪኑን ብርሃን ወደ 20 በመቶ ያውርዱት። ስልክዎን በዝግታ መቅረጫ ሁነታ ከፍተው ነጭ ገጽ ላይ ያነጣጥሩ። ጥቁር መስመሮች ሲሮጡ ካዩ ሞኒተሩ ብርሃን የሚቀንሰው አምፖሉን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ብዙ ሰው አይሰማውም። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን ራሱን ሊያመው ይችላል። ሳጥኑ ላይ "ፍሊከር ፍሪ" (የማይርገበገብ) ቢልም በዓይን አይቶ መግዛት ይሻላል።

"ብሉ ከት" የሚባል፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ መነጽር ወይም መሸፈኛ ሊሸጡልዎ ይሞክሩ ይሆናል። ይለፉት። በ2023 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 17 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ፣ እነዚህ ሌንሶች በኮምፒውተር የሚመጣ የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ የሚቀንሱ አይመስሉም ብሏል። ማታ ፊልም ሲያዩ የዊንዶውሱን ናይት ላይት (ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያደላውን ማስተካከያ) ማብራት ግን በነጻ ነው፤ ብርሃኑንም ዝቅ ያድርጉት። ልኩን ለማግኘት ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙ። ስክሪኑ እንደ አምፖል ካበራ በዝቷል፣ ከወረቀቱ ከጠቆረ አንሷል።

የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከቅንድብዎ በላይ እንዳይሆን። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሞኒተሬን ኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ ጭኜ ለወራት ሽቅብ ሳይ ከርሜ ነበር፤ "ዓይኔ ለምን ደረቀ?" እያልኩ። ሽቅብ ስናይ የዓይናችን ቆብ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ እንባው ቶሎ ይተናል። ለሕመምተኛ የምመክረውን ለራሴ ሳልነግር ማለት ነው። የርስዎ በተቃራኒው ዝቅ ካለ፣ ያልተከፈተ ባለ 500 ቅጠል የኤ4 እሽግ ከሥሩ ያድርጉ፤ 5 ሴንቲ ያህል ከፍ ያደርገዋል። መስኮትም ከፊትዎ ወይም ከጀርባዎ ሳይሆን ከጎንዎ ይሁን።

መቆርቆሩና ቅላቱ ከድርቀት ሊመጣ ይችላል፤ የሚያረጋግጥልዎ ግን የሚያይዎት ሐኪም ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ወደ ግማሽና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ያውም ሳይከደን ግማሽ መንገድ ላይ የሚመለሰው ብዙ ነው። በጋ ላይ፣ ደረቅ አየርና አቧራ ሲጨመርበት፣ ከሰዓት በኋላ አሸዋ የገባበት ይመስላል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ፤ የጎረቤት ጣሪያ ይበቃል። በዚያው ዓይንዎን ጥርቅም አድርገው ጥቂት ጊዜ ይክደኑ። ሐኪሙ ድርቀት ነው ካለ ለዚያ የሚሆነው ሰው ሠራሽ እንባ ነው፣ ስቴሮይድ አይደለም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ይጠይቁ።

ድንገት እይታዎ ቢቀንስ፣ እንደ መብረቅ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ጥላ ቢያዩ፣ ወይም ዓይንዎን አጥብቆ እያመመ ብርሃን ዙሪያ ቀስተ ደመና ቢታይዎ፣ ያ የሞኒተር ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ለዚህ ሳምንቱ ቀጠሮ ሲሄዱ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ጽፈው ይያዙ፤ መነጽር የሚያዝልዎት ባለሙያ ቁጥሩን ሲያይ ደስ ይለዋል። የመንገዱን መነጽርም ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡ። የጠብታውን ብልቃጥ ባዶ ቢሆንም እንዳይጥሉት፣ እሱንም ይዘው ይሂዱ።