እኛን በየትኛው ቆጠርከን?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ምንጭ በማጎልበትና ቧንቧ በመዘርጋት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ተቀምጫለሁ። በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሚጠቅም ነገር ሁሌም ልክ ነው?» አለኝ። ፍልስፍና ክፍል ውስጥ ዩቲሊታሪያኒዝም የሚባለውን እየተማሩ ነው። ለሱ የመለስኩለትን ለእናንተም ልጻፈው። ነገ ብዙዎቻችሁ ቢሮ ገብታችሁ ፎርም ትሞላላችሁ። ውሃው፣ መንገዱ፣ ክሊኒኩ ወዴት እንደሚሄድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ ሥራ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው የሚባለው በውጤቱ ነው። ደስታን ካበዛና ሥቃይን ከቀነሰ ልክ ነው። ሲቆጠር ደግሞ ጌታም ሎሌም እኩል አንድ ነው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባወጣው መጽሐፍ አስፍሮታል። ጆን ስቱዋርት ሚል ደግሞ በ1861 አብራርቶ ጻፈው።

ሁሉም እኩል ይቆጠራል የሚለውን ቀላል ነገር እንዳታደርጉት። ሚል በ1867 እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ሴቶች ድምፅ መስጠት አለባቸው ብሎ ተከራክሯል። ያኔ ተሸነፈ። ግን ሴትም ሰው ናት፣ ትቆጠር ማለቱ ነበር።

እኔም ብሆን ቁጥርን አልንቅም። በኛ ሥራ ቁጥር ባይኖር ውሃው የሚሄደው ወደ ጠማው ሳይሆን ዘመድ ወዳለው ነበር። ስንቴ ተደውሎልኛል መሰላችሁ! «የእንትና ሰፈር ይቅደም» ይሉኛል። ፎርሜን አውጥቼ «ጌታዬ፣ እዚያ 90 ሰው ነው፣ እዚህ 600» እላለሁ። ሰውዬው ዝም ይላል። ቁጥር አቅም ለሌለው ሰው ምርኩዝ ነው።

አሁን ያንኑ ምርኩዝ ይዤ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ።

መንዝ ውስጥ ነው። ከተራራው ወገብ ላይ አንድ ምንጭ አለ። በበጋ መጨረሻ ለካነው። የ20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጥበታል። በሰከንድ 0.3 ሊትር፣ በቀን 25,920 ሊትር ማለት ነው። በጊዜው የገጠር መለኪያችን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ ከ1.5 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነበር። ከታች ሜዳው ላይ 1,400 ሰው ይኖራል። ከምንጩ ከፍ ብሎ ደግሞ 31 አባወራ ያለባት ትንሽ ጎጥ አለች፣ ቢበዛ 150 ሰው። ውሃ በስበት ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ስለዚህ ምንጩን አሽገን ወደ ታች ዘረጋነው፣ ሜዳው ላይ አራት ቦኖ ተከልን። ፎርሙ ላይ «ተጠቃሚ፦ 1,550» ብዬ ሞላሁ። የላይኞቹም ከቦኖው 1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ናቸውና ተጠቃሚ ተብለው ተቆጠሩ።

መጀመሪያ ዲዛይኑ ላይ ምንጩ አጠገብ አንድ ቧንቧና አንድ የከብት ገንዳ ነበረ። በጀት አነሰ ተባለ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመርኩበት፣ አለቀ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም።

ከዓመት በኋላ ለክትትል ስመለስ ዳገቱ ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። ጄሪካን በገመድ አዝለው ጎንበስ ብለው ይወጣሉ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ጋቢውን ጨምድዶ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። «እማማ፣ ላግዝዎት» ብዬ ተቀበልኳቸው። ያኔ ጎልማሳ ነኝ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አለከለክኩ። ድሮ ውሃ የሚቀዱት ከደጃቸው ትንሽ ዝቅ ብለው ነበር። አሁን ምንጩ ታሽጓል፣ ቁልፉም ታች ኮሚቴው ጋ ነው። ከብቶቹ ወንዝ ድረስ ይነዳሉ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቆም ብለው ተነፈሱና «ልጄ፣ ወረቀት ላይ አስገብተኸናል አሉ። እኛን በየትኛው ቆጠርከን? ከሚጠጡት ነው ከሚሸከሙት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ቤንታምን በደንብ ያነበብኩት ከዚያ ወዲያ ነው። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ ብዛትን ብቻ አልጠየቀም። ደስታና ሥቃይ በሰባት ነገር ይለካል ይላል። ምን ያህል ብርቱ ነው፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነው፣ ምን ያህል ቅርብ ነው፣ ሌላ ደስታ ይወልዳል ወይ፣ ሥቃይ አልተቀላቀለበትም ወይ፣ በመጨረሻም ስንት ሰው ጋ ይደርሳል። የኔ ፎርም የምትጠይቀው የመጨረሻዋን ብቻ ነበር። የዚያ ገመድ ሕመም ብርታቱ የት ይጻፍ? ስንት ዓመት እንደሚቆይስ? ቤንታም ስለ እንስሳትም ተናግሯል። ጥያቄው ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሏል። ፎርሟ ላይ ለከብት የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ደገምኩት። 1,550 ሰው በ15 ሊትር ሲባዛ 23,250 ሊትር ነው። 2,670 ሊትር ይተርፋል። ውሃው ለሁሉም ይበቃ ነበር፣ ለከብትም ይተርፍ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የብዙኃኑ ጥቅም የጥቂቶቹን መከራ ፈጽሞ አልጠየቀም። እኔ ነኝ ድምሩን አይቼ የተኛሁት። «ለብዙኃኑ ሲባል» የሚል ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ሒሳቡ በትክክል ተሠርቷል ወይ በሉ። ብዙ ጊዜ አልተሠራም።

በትክክል ተሠርቶም ቢሆን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። አሜሪካዊው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ይህ አስተሳሰብ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ይረሳል ሲል ተችቷል። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። አንድ ገበሬ በክረምት እየራበው የዘር ገብሱን አይነካም። ዛሬ ይራባል፣ በመኸር ይጠግባል። የተራበውም የሚጠግበውም እሱ ነው። የአንዱን ጎተራ ገልብጬ ሌላውን ላጥግብ ስል ግን ድምሩ ቢያምርም ነገሩ ሌላ ነው። የተራበው ሰው አልጠገበም፣ እሺም አላለም።

ሒሳቡን በየዕለቱ መሥራትም አይቻልም። ሚል መርከበኛ የኮከቡን ስሌት ተሠርቶለት ይዞ ነው ባሕር የሚገባው ይላል። ደንብም እንዲሁ ቀድሞ የተሠራ ሒሳብ ነው። የኛ አባቶች ባሕር ባይኖራቸውም ጓሳ የሚባለው የሣር ምድር ነበራቸው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በቀጠሮ ይከፈታል። አንድ ሸክም ጓሳ በሌሊት አጭዳችሁ ብትወስዱ ማንም አይጎዳም፣ የእናንተ ቤት ግን ይከደናል። የዚያች ሌሊት ሒሳብ እጨዱ ነው የሚለው። ሁሉም እንዲህ ካሰበ ግን ጓሳ የለም። በኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ትልልቆቹን ጠይቁ።

ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። «ተጠቃሚ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያ ሥራ የሚጎዳው ሰው ቤት ሂዱ። ቡናውን ጠጡ፣ ጄሪካኑን ተሸከሙለት። ፎርሙ ላይ ሣጥን ከሌለ ጠርዙ ላይ በእጃችሁ ጻፉት። አለቃ ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። የሚጠቀሙትንም ሰብስባችሁ ማን እየከፈለላቸው እንደሆነ ንገሯቸው። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም ዝም የሚለው፣ ስላልነገርነው ነው።

እኔም በመጨረሻ የታችኞቹን ሰበሰብኩ። የላይኞቹ እንዴት ውሃ እንደሚያገኙ ስነግራቸው ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ። በዚያው ከሰዓት ገንዘብ ለማዋጣት ተስማሙ። ድንጋይና አሸዋ በትከሻ ተጓጓዘ። ጥቂት ሜትር ቧንቧ፣ አንድ የውሃ መክፈቻ፣ አንድ ገንዳ፣ ያ ብቻ ነበር ሥራው። በሳምንት አለቀ።

ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ የጎጡ ሰው ከብቱን እየነዳ መጣ። እማማም መጡ፣ እጃቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተው ትንሽ ቆዩ። ላማቸውስ የት አለች ብዬ ጠየቅኩ። ባለፈው በጋ ወንዝ መንዳት ሲያቅታቸው ሸጠዋት ነበር።