ቤቴ ካርታው ላይ ቀይ ሆነ፣ ልነሳ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ምሥራቅ ጎጃም ካለች ትንሽ ከተማ ነው የምጽፍላችሁ። ከወር በፊት ቀበሌ ስለ ከተማው አዲስ ፕላን ውይይት አለ ብሎ ጠራን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፣ በፕሮጀክተር ባለቀለም ካርታ አሳዩን። የኛ ሰፈር ድሮ ቢጫ የነበረው አሁን ቀይ ሆኗል፣ ቅይጥ ነው፣ ጂ ፕላስ ቱ ነው ምናምን አሉን። አባቴ ያወረሱኝ ግቢ 250 ካሬ ነው፣ በር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ በሷ ነው ሁለት ልጆቼን የማሳድገው። መጠየቅ ስንጀምር ሰዓት የለም ተባለና ወረቀት ዞረ፣ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። አሁን ሰው ሁሉ ልትነሺ ነው ይለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ። ፈርሜ ቤቴን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልሰጠሽም እህቴ፣ እሱን ዛሬውኑ ከሀሳብሽ አውጪው። ያያችሁት መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ ሰው ስትራክቸር ፕላን የሚለው፣ ከተማው በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የቱ ጋ መኖሪያ የቱ ጋ ገበያ የቱ ጋ መንገድ ይሁን ብሎ የሚወስን ነው፣ መነሻውም የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። ቀለም ስለተቀየረ ብቻ ማንም ካንቺ ቤት አይገባም። ማስነሳት ሌላ ሂደት ነው፣ የራሱ ውሳኔ፣ የራሱ ማስታወቂያ፣ የራሱ የካሳ ግምት አለው፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው ይላል።

እንዲያውም ቅይጥ መሆኑ ለሱቅሽ ሊጠቅም ይችላል፣ መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ ይፈቀዳል ማለት ስለሆነ። የሚያሰጋኝ ያ ጂ ፕላስ ቱ የሚለው ነገር ነው፣ ከምድሩ በላይ ሁለት ፎቅ ማለት ነው፣ ነገ አፍርሰሽ ልሥራ ብትይ ከዛ በታች አይፈቀድም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ፎቅ የመሥራት አቅም የሌለው ሰው ደሞ ወይ አሮጌው ቤት ውስጥ ይቀራል ወይ ለባለገንዘብ ሸጦ ይሄዳል። ማንም ሳያስነሳው ተነሳ ማለት ነው። ይሄን ነገር ትንንሽ ከተሞች ላይ ሳስበው በጣም ያመኛል፣ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ለወጣ ሰው ካሳም የለውም፣ ተነሺ ተብሎም አይመዘገብም።

ሁለተኛው ነገር ከቀለሙ በላይ መስመሩን እይ። ሰው ሁሉ ቀለም ላይ ሲያፈጥ መንገዱን ሳያይ ይወጣል። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች 30፡30፡40 የሚሉት መርህ አላቸው፣ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ ይሁን የሚል። መርሁ ጥሩ ነው፣ አምቡላንስ የማይገባበት ሰፈር ማን ይፈልጋል። ግን ባዶ ማስፋፊያ ላይ መንገድ መሳል ቀላል ነው፣ ሰው 50 ዓመት የኖረበት ጠባብ ሰፈር ላይ ግን ያ 30 በመቶ ከየትም አይመጣም ከሰው ግቢ ነው የሚቆረጠው፣ እና በር ላይ ያለች ሱቅ ደግሞ የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ ማዘጋጃ ሂጂና የይዞታ ካርታሽን ይዘሽ ፕላን የሚሠራውን ባለሙያ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ በኔ በኩል የሚያልፈው መንገድ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው፣ ከግቢዬ ስንት ካሬ ይወስዳል፣ ፕላኑ ጸድቋል ወይስ ገና ረቂቅ ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው። ረቂቅ ከሆነ መስመር ማዞር ይቻላል፣ ከጸደቀ በኋላ ግን ማሻሻያ የሚባል ረጅም ነገር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ስለ ፊርማው። የመገኘት ፊርማ ስምምነት አይደለም፣ ግን ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ሕዝቡ ተወያይቶበታል ለማለት ይውላል፣ እና ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞ ካልተጻፈ ተቃውሞ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ጻፉ። ብቻሽን አይደለም፣ በዛ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶችሽን በእድርም በማኅበርም ሰብስቢና አንድ ገጽ ደብዳቤ ይውጣ። ግፍ ነው በደል ነው ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፣ እውነት ቢሆንም ባለሙያው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። የቤት ቁጥር እየጠቀሳችሁ ይሄ መስመር በዚህ በኩል ቢዞር ይሄን ያህል ቤት ይተርፋል፣ ሰፈራችን ቅይጥ ይሁን ግን ፎቅ የሌለው ቤትም ይፈቀድ በሉ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት፣ ቀሪው ላይ ቁጥርና ቀን ማህተም ይመታበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ማነው መብት የሰጣችሁ ካሏችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሀሳባቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው ይላል፣ አዋጅ 574ም የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል።

ሕዝቡን ቀድሞ መስማት ለማዘጋጃዎቹም ይጠቅማል ብዬ ከልቤ ነው የማምነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ሲሰማ አርሶ አደሩ መሬቱ ላይ ምን እንደታሰበ ከወሬ ነበር የሚሰማው፣ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ቀረ። የሞተውን ግን ማንም አልመለሰውም።

ጥያቄ፦ አባቴ ገበሬ ነው፣ እኔ ሪያድ ነው ያለሁት። መሬታችን ወደ ከተማ ክልል ገባ ተባለ፣ አንድ ደላላ ሳይወሰድባችሁ ቶሎ ሽጡ እያለ አባቴን እየወተወተው ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ አትፈርም በለው ወንድሜ፣ ዛሬ ደውልለት። ከተማ ክልል ውስጥ መካተት መነጠቅ አይደለም። በሀገራችን መሬት አይሸጥም፣ ስለዚህ በደላላ ወረቀት የሸጠ ገበሬ መሬቱንም ካሳውንም ሊያጣ ይችላል፣ ገዢውም በኋላ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም። የካሳው አዋጅ 1161/2011 ተነሺዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲወያዩ ያዛል፣ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬም የማፈናቀያ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ ነበር ያስቀመጠው። አዋጁ ከዛ በኋላ ተሻሽሏልና ወረዳው አሁን የሚሠራበትን በጽሑፍ ጠይቁ። እስከዛው አባትህ የሚያመርተውን በዓይነትና በኩንታል እየጻፈ ያስቀምጥ፣ ዛፎቹንም ይቁጠር፣ የመሬት ደብተሩንም አንተ ፎቶውን ስልክህ ላይ ያዝ።