ከመጽሐፉ በፊት ስምሽን አንብቢ

እህቴ፣ «ዘንድሮ በነርስነት ተመርቄያለሁ፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ከየት ልጀምር? የድሮ ጥያቄዎችን በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ተምሬ፣ እዚሁ ተንገላትቼ፣ እዚሁ ያለፍኩ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ከእኔ በፊት «በርቺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብለው የመለሱልሽ ሁሉ መልካም ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከምርቃቱ ሌላ የምነግርሽ አለኝ።

1. ዛሬውኑ ጊዜያዊ ዲግሪሽንና መታወቂያሽን ጎን ለጎን አስቀምጪና ስምሽን ፊደል በፊደል አንብቢ፤ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም። ትስቂ ይሆናል። የእኔ አያት ስም ወልደሚካኤል ነው። መታወቂያዬ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል፤ ኮሌጁ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን «ወልደ» ለብቻው፣ «ሚካኤል» ለብቻው ቆመዋል። በምረቃ ቀን ማን ይህን ያያል? እናቴ በግ አሳርዳ ጎረቤቱን ጠርታለች፤ እኔ ጥቁር ካባዬን ለብሼ ከአክስቶቼ ጋር ፎቶ እነሳለሁ። በኢንተርኔት ስመዘገብ መታወቂያዬን እያየሁ ሞላሁ፣ ወረቀቱን አያያዝኩ። ከቀናት በኋላ ስሙ አይመሳሰልም ተብሎ ተመለሰልኝ።

ወረቀቱን ወደሰጠኝ የኮሌጁ ሬጅስትራር ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዛ፣ «ስትወስጂው ያላየሽውን ዛሬ አየሽው?» አለችኝ። ደብዳቤ አምጪ አለች። ከየት ላምጣ ስላት «መታወቂያ ከሰጡሽ» ብላ መስኮቱን ዘጋች። ቀበሌ ስሄድ ደግሞ እኛ የጻፍነው ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ያርም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ለምኜ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩና ተመለስኩ። አሁን ደግሞ የሚፈርሙት ሰውዬ ፈቃድ ላይ ናቸው። በየማለዳው በባጃጅ እየተመላለስኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሰውዬው ሲመጡ ሥራው የፈጀው አሥር ደቂቃ ነው፤ እንዲያውም ይቅርታ ጠይቀውኛል። ምዝገባው ግን ከአራት ቀን በፊት ተዘግቶ ነበር።

ያለ ፈቃድ ነርስ ብሎ የሚቀጥርሽ የለም። ቀጣዩ ዙር እስኪደርስ መናኸሪያ አካባቢ በአጎቴ ልጅ ሱቅ ስኳርና ዘይት ሸጥኩ። የሰፈራችን ሴቶች «እንደምን ዋልሽ ነርሷ» ይሉኝና የሳሙና ዋጋ ይጠይቁኛል። ለክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን ማታ ማታ አለቅስ ነበር። ስለዚህ ያንቺም የአያትሽ ስም ወልደ፣ ገብረ ወይም ኃይለ ካለበት ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሽ።

2. የድሮ ጥያቄውን አትግዢ። እኔ ገዝቼ ነበር፤ 300 ብር። ልቡ የቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ 15 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጠዋል ይላል መልሱ። ይህ እኮ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ወደ 30 ለ 2 ተቀይሯል! የኩፍኝ ክትባትንም በ9 ወር ብቻ ብሎ አልፎታል፤ የ15 ወሩን ሁለተኛ ክትባት አያውቀውም። ሻጩን ስጠይቀው ወዲያው ከቡድኑ አስወጣኝ። እኔ ስህተቱን ያየሁት በልምምድ ጊዜ ክትባት ክፍል ጠንክሬ ስለሠራሁ ነው፤ ያ ጊዜ ሌሎቹ ቡና ሲጠጡ ነበር፣ ይህንንም ልናገር።

3. ጥናቱን በተመለከተ፣ ሽምደዳ አያዋጣም። የሚከብደው አራቱም ምርጫ ትክክል ሆኖ «በቅድሚያ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ዓይነት ነው። ለምሳሌ በኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር በሚመጣ መንቀጥቀጥ) ምክንያት ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የተሰጣት እናት የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ የሚዘለው) ጠፍቷል፣ ትንፋሿም በደቂቃ ወደ 10 ወርዷል እንበል፤ መድኃኒቱ በዝቶባታል ማለት ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት ማርከሻው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ እጃችን ወደዚያ ይሮጣል። ግን መድኃኒቱ አሁንም እየገባ ከሆነ መጀመሪያ የሚቆመው እርሱ ነው። እኔ ይህንን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ ሌሊት ተረኛ የነበሩ አንዲት አዋላጅ እጄን ጠፍ አድርገው ነው ያስተማሩኝ። ያኔ ተቀይሜያቸው ነበር።

የጠብታ ሒሳብንም አትናቂ። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚጥል የፈሳሽ መስጫ ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። በእጅሽ ሳታሰሊ አንድም ቀን አትደሪ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ እሠራ ነበር፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ሙዝ ይዘሽ ካልሄድሽ። ጦጣዎቹ የእኔን ሙዝ ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን እስክሪብቶዬንም ወስደዋል።

ታላላቆቻችን «እኛ እኮ ሳንፈተን ነው የሠራነው» ሲሉሽ አትበሳጪ። ፈተናው የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ እውነታቸውን ነው፤ ላንቺ ግን ምንም አይጠቅምሽም።

4. አራተኛው ምን እንደነበር ረሳሁት። ብቻ በመጀመሪያ ሙከራዬ አልፌያለሁ፤ ውጤቱን ያየሁት እዚያው ሱቅ ውስጥ ዘይት እየቀዳሁ ነበር፣ ግማሹ ፈሰሰ። የሒሳብ ደብተሬ እስካሁን አለ፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እሰጥሻለሁ። ግን መልሺልኝ፤ ማስታወሻዬን ከአንቺ በፊት የወሰደችው ልጅ አልፋ ሥራ ይዛለች፣ ስልኬን ግን አታነሳም።