መልስ፦ የራዲያተር ፕሬዠር መፈተሻ ሲገዛ ምን ይታያል?

ወንድሜ፣ «ውሃ እየጎደለብኝ ነው፣ የትኛውን መፈተሻ ልግዛ?» ላልከው፣ መፈተሻው በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ውሃ መፍሰሱን የሚያሳይ ዕቃ ነውና፣ ከፓምፑ በፊት አዳፕተሩን (በክዳኑ ቦታ የሚገጠመውን ማገናኛ) እይ። ከራዲያተርህ ወይም ከኤክስፓንሽን ታንኩ (ከትርፍ ውሃ መያዣው) አፍ ጋር በልኩ ካልገጠመ ውዱም ዕቃ አይረባህም። የብረት ይሁን፣ የጎማ ማሸጊያውም ለብቻው የሚቀየር። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) እስከ 2.5 ባር ቢያነብ በቂ ነው፤ እስከ 7 ባር በተከፈለ ጌጅ ላይ የ0.1 ባር መውረድ ለዓይን አይታይም። ማስተንፈሻ ቫልቭ (ግፊቱን መልቀቂያ) የሌለውን ተወው።

ከመክፈልህ በፊት ደህና የራዲያተር ክዳን ላይ ገጥመህ 0.8 ባር ስጠውና 5 ደቂቃ ጠብቅ። መርፌው ከወረደ ክዳኑን ቀይረህ ድገመው፤ አሁንም ከወረደ የሚያፈሰው ዕቃው ራሱ ነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ምክንያት ምንም ያልሆነ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይፈታል!

ስትፈትሽ ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት፣ ለምሳሌ 1.1 ባር፣ አትለፍ፤ ያረጀ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ወይም የሂተር ራዲያተር (የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀው) ይፈነዳል። 15 ደቂቃ ቆይ። መርፌው ወርዶ ውጭ ጠብታ ካጣህ በተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳብስ፤ የሂተር ራዲያተሩ ካፈሰሰ እዚያ ይረጥባል። እሱም ደረቅ ከሆነ ግፊቱን ሳትለቅ ካንዴላዎቹን ፈትተህ ሞተሩን በስታርተር ለአፍታ አዙር፤ ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ ከረጨ የቴስታው ጋስኬት (ማሸጊያው) ሄዷል። ፊትህን ግን ከቀዳዳዎቹ አርቅ።