በታብሌት ኤፍኤም ሲንተሳይዘር ከየት ልጀምር ላልሽው፦ መጀመሪያ አራቱን ኦፕሬተር ዝጊ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ሌሎችም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። ታብሌትሽ ላይ ባለ ስድስት ኦፕሬተር (ድምፅ አመንጪ ክፍል) ኤፍኤም ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ ራሱ የሚፈጥር አፕ ጭነሻል። አብረውት የመጡት ድምፆች ያምራሉ። ራስሽ ለመቀየር አንድ ቁጥር ስትነኪ ግን ሁሉም ነገር የቆርቆሮ ጩኸት ይሆንብሻል። ከየት ልጀምር፣ ክራር የሚመስል ድምፅስ ይወጣዋል ወይ ነው ያልሽው። ይወጣዋል፣ ያውም አሪፍ አድርጎ። ግን ከሱ የሚቀድም ነገር አለ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሠርግ ላይም ቤተክርስቲያንም። ታብሌት ላይ ኤፍኤም መነካካት የጀመርኩት መብራት ሲጠፋ ልምምድ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነበር፤ አሁን መብራት እያለም የማነሳው እሱን ነው። በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ታገሽኝ።

ከላይ ባሉት አስተያየቶች ብዙ ሰው "ፕሪሴት ክፈቺና እየቀያየርሽ ተማሪ" ብሎሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝግጁ ድምፅ ውስጥ ስድስቱም ኦፕሬተሮች እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዱን ስትነኪ የትኛው የትኛውን እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ባዶ ድምፅ ክፈቺ። ብዙ አፖች "ኢኒት" የሚሉት አለ። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ያሉትን ኦፕሬተሮች አጥፊያቸው። አልጎሪዝም 2ን ምረጪ፤ አልጎሪዝም ማለት ኦፕሬተሮቹ እንዴት እንደሚያያዙ የሚወስነው ነው። አፕሽ የያማሃ ዲኤክስ7 የሚባለውን ኪቦርድ አሠራር የሚከተል ከሆነ፣ እዚያ ላይ ኦፕሬተር 2 ኦፕሬተር 1ን ይነዳል፣ ፊድባኩም (ኦፕሬተሩ ራሱን መልሶ የሚነዳበት) ያለው ኦፕሬተር 2 ላይ ነው። በቃ ለጊዜው የምትፈልጊው ይኸው ነው።

ኦፕሬተር ማለት አንድ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ ነገር ነው፣ የራሱ ኤንቨሎፕ ያለው፣ ማለትም ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወድቅ የሚወስን። ሳይን ሞገድ ብቻውን ንጹህና ባዶ ድምፅ ነው፣ ምንም አይጥምም። ኤፍኤም ውስጥ አንዱ ሳይን የሌላውን ፍሪኩዌንሲ (የንዝረት ፍጥነት) ያወዛውዛል። የሚሰማሽ ካሪየር ይባላል፤ የሚያወዛውዘው ሞጁሌተር ነው። የሞጁሌተሩ ድምፅ በቀጥታ አይሰማሽም፣ ካሪየሩ ላይ የሠራውን ሥራ ነው የምትሰሚው። አንዱ ከኤፍኤም ሬዲዮ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠይቆ ነበር። መርሁ ያው ነው። ሬዲዮው የሚያወዛውዘው ጆሮ የማይሰማውን በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ናቸው።

አሁን ይሄን ሞክሪ፣ እባክሽ ሳትሞክሪ አትለፊው። ኦፕሬተር 2ን ከሬሾ (ኖታውን ተከትሎ ከመሄድ) አውጥተሽ "ፊክስድ" (በኖታው የማይለወጥ) አድርጊው፣ 5 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ጊዜ። ሌቭሉን 80 ላይ አድርጊና አንድ ኖታ ያዢ። ድምፁ እንደ ዘፋኝ ቫይብራቶ ይወዛወዛል። አሁን ኖታውን ሳትለቂ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ፦ 10፣ 15፣ 20። ውዝዋዜው ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ 30ን አልፎ ሲሄድ ጆሮሽ ውዝዋዜ መቁጠሩን ያቆማል። በቦታው አዲስ የድምፅ ቀለም ይመጣል። ጆን ቾውኒንግ የሚባለው ሙዚቀኛ በፈረንጆቹ 1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘው ይሄንኑ ነው፣ በኮምፒውተር ቫይብራቶ እያፈጠነ ሲሞክር። ጽሑፉን በ1973 አወጣ፣ ያማሃ ፈቃዱን ከስታንፎርድ ወሰደ፣ በ1983 ዲኤክስ7 ገበያ ላይ ዋለ። አፕሽ ላይ የምታያቸው ቃላት፣ 32ቱ አልጎሪዝሞች፣ ከ0 እስከ 99 የሚሄዱት ቁጥሮች፣ ሁሉም ከዚያ ኪቦርድ የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ ሬሾ። ኦፕሬተር 2ን ወደ ሬሾ መልሺው። ሬሾ ማለት ከምትነኪው ኖታ አንጻር ስንት እጥፍ ማለት ነው። ካሪየሩ 200 ኸርዝ ነው እንበል። ሞጁሌተሩ በእያንዳንዱ ርምጃ ከካሪየሩ ላይና ታች አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎችን ይጨምራል። ሬሾው 1 ለ 1 ከሆነ 400፣ 600፣ 800 እያለ ይሄዳል፤ ሁሉም የ200 ብዜት ናቸው፣ ስለዚህ ጆሮ አንድ ሙሉ ኖታ አድርጎ ይሰማቸዋል። ሞጁሌተሩን 2 ካደረግሽው 600፣ 1000፣ 1400 ይመጣል። ከዜሮ በታች የሚወርደው ደግሞ ተገልብጦ እዚያው ላይ ያርፋል። ጎዶሎ ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ ክላሪኔት የሚመስል ቦርቦር ያለ ድምፅ ታገኛለሽ። አሁን 1.4 አድርጊው። ሞጁሌተሩ 280 ኸርዝ ሆነ። 480 ይመጣል፣ 760 ይመጣል፣ ከታች ደግሞ 80 እና 360 ይመጣሉ። እነዚህ አብረው አንድ ኖታ አይሆኑም። ብረት ናቸው። ደወል ናቸው። ቾውኒንግ ራሱ በ1973ቱ ጽሑፍ ለደወል የሰጠው ምሳሌ እነዚሁ 200 እና 280 ናቸው፣ ድምፁ 15 ሴኮንድ ያህል ቀስ እያለ የሚሞት።

እንግዲህ ያንቺ "የቆርቆሮ ጩኸት" ከዚህ ነው የሚመጣው። ሬሾውን በጣትሽ ስትጎትቺው ሙሉ ቁጥር ላይ አይቆምም፣ 2.37 ወይም 3.61 ላይ ይቀራል። ሬሾውን ወደ 1፣ 2፣ 3 መልሺውና ግማሹ ጩኸት ወዲያው ይጠፋል።

ሌላው ግማሽ የሞጁሌተሩ ሌቭል ነው። የሞጁሌተር ሌቭል ስትጨምሪ ድምፁ አይጮህም፣ ይበራል፣ ይሾላል፤ ምክንያቱም የሚጨመሩት ፍሪኩዌንሲዎች ብዛት ይጨምራል። ደግሞ ቁጥሩ እኩል እኩል አይሄድም። ከ0 እስከ 50 ምንም ለውጥ ያለ አይመስልሽም፣ ከ70 በኋላ ግን እያንዳንዷ ቁጥር ትሰማለች፣ 90ን ካለፍሽ ጆሮ የሚበሳ ነው። ብዙ ጊዜ ጥሩ ድምፅ ያለው ከ65 እስከ 82 ባለው ውስጥ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ አንድ ቁጥር እያልሽ አዳምጪ።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሞጁሌተሩ ኤንቨሎፕ ነው ድምፁን ሕይወት የሚሰጠው። ሰው ሁሉ የካሪየሩን ኤንቨሎፕ ነው የሚያስተካክለው፣ እሱ ግን የሚወስነው ድምፁ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ብቻ ነው። የሞጁሌተሩ ኤንቨሎፕ ብርሃኑን ነው የሚቆጣጠረው። ክር ስትመቺ ምን እንደሚሆን አስቢ፦ መጀመሪያ ጣት የነካበት ቅጽበት ስል ነው፣ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ለስላሳው ብቻ እየደከመ ይሄዳል። ኤፍኤም ላይ ይሄ ማለት ሞጁሌተሩ ከካሪየሩ ቀድሞ መሞት አለበት ማለት ነው። ትራምፔት ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ድምፁ እየበረታ ሲመጣ ብርሃኑም አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ሁለቱም ኤንቨሎፕ አብረው ይነሳሉ። ሞጁሌተሩን ከላይ እስከ ታች አንድ ቦታ ላይ ከተውሽው ምንም ብታደርጊ አሻንጉሊት ኪቦርድ ነው የሚመስለው።

አንድ ማሳሰቢያ። እነዚህ አፖች ላይ ያለው ኤንቨሎፕ አራት ሬት እና አራት ሌቭል (የሚደረስበት ከፍታ) ነው፣ ሬት ደግሞ ፍጥነት ነው። 99 ማለት ወዲያው፣ 20 ማለት በጣም በዝግታ። ሌላ ሲንተሳይዘር ላይ አታክና ዲኬይ (የመነሻና የመውደቂያ ጊዜ) የለመደ ሰው በተቃራኒው እያሰበ ይደናገራል።

ወደ ክራርሽ እንምጣ። መነሻ ቁጥሮች ልስጥሽ፣ ከዚያ ጆሮሽ ያስተካክለው። ኦፕሬተር 1፣ ሬሾ 1፣ ሌቭል 99። ሬት 1 99፣ ሬት 2 45፣ ሬት 3 30፣ ሬት 4 55። ሌቭል 1 99፣ ሌቭል 2 70፣ የቀሩት 0። ኦፕሬተር 2፣ ሬሾ 1፣ ሌቭል 78፣ ፊድባክ 4። የሱ ሬት 1 99፣ ሬት 2 58፣ ሬት 3 35፤ ሌቭል 1 99፣ ሌቭል 2 60፣ የቀሩት 0። ይሄ ብቻውን ክር ይሆናል። የጣቱ መምቻ የለውም ካልሽ አሁን ሌላ ጥንድ ጨምሪ። አልጎሪዝም 5 ቀይሪ፣ እዚያ ሦስት ጥንዶች አሉ፤ ፊድባኩ ግን ወደ ኦፕሬተር 6 ስለሚሄድ የኦፕሬተር 2ን ሌቭል 80 ወይም 81 አድርጊው። ከዚያ ኦፕሬተር 3ን ሬሾ 1፣ ኦፕሬተር 4ን ሬሾ 7 አድርገሽ ክፈቺ። የኦፕሬተር 4 ሌቭል 66 ይሁን፣ ወዲያው እንዲሞት ሬት 2ን 75 አድርጊ፣ ሌቭል 2ን 0። ኖታው ሲጀምር "ቅ" የምትል ትንሽ ነገር ትሰማለች። ያቺ ናት ክራር የምታስመስለው።

ደግሞ አጨዋወቱ። ይሄን ድምፅ ይዘሽ በአምስት ጣት ኮርድ ብትይዢ ክራር አይሆንም፣ መጥፎ ፒያኖ ነው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ላይ ትዝታ ያዢ፣ አንድ አንድ ኖታ፣ ደጋግመሽ እየመታሽ። አንዱ ኖታ ሳያልቅ ሌላው ይግባ፤ ክራር ላይ ክሮቹ ይደራረባሉ።

በገና በጣም ያስደስተኛል። የበገና ንዝረት የሚመጣው ክሩ ከመቀመጫው ጋር በሚነካበት ቦታ ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፣ ስለዚህ ስለቱ ከኖታው ጋር እስከ መጨረሻ ይቆያል። የክራሩን ድምፅ በአልጎሪዝም 2 መልሰሽ ክፈቺ፣ ሁለት ኦክታቭ አውርጂው፣ ፊድባኩን 6 አድርጊ፣ የሞጁሌተሩን ሬት 2 ወደ 25 አዝግሚው። በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፣ በታብሌቱ ስፒከር ባሱ አይሰማም። መሲንቆም ያስኬዳል፤ የካሪየሩን ሬት 1 ወደ 60 ዝቅ አድርጊ፣ ቫይብራቶው ዘግይቶ እንዲገባ አድርጊ። ዋሽንት ግን በኤፍኤም አልመክርሽም። ትንፋሹ አይመጣም። ፊድባክ 7 ሲሆን እሽሽ የሚል ነገር ይኖራል፣ ግን የሰው ትንፋሽ አይደለም። ለዋሽንት ሳምፕል (የተቀዳ እውነተኛ ድምፅ) ተጠቀሚ።

የቤተክርስቲያን መዝሙር ላይ የሚፈለገው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ደግሞ የኤፍኤም ቤት ነው። እሱም አልጎሪዝም 5 ነው፦ አንዱ ጥንድ 1 ለ 1 ገላውን ይሠራል፣ ሌላው ጥንድ 1 ለ 14 ሆኖ ያቺን "ቲንግ" ይሰጣል። ሞጁሌተሮቹ ላይ ቬሎሲቲ (የጣት አመታት ኃይል) ክፈቺ፣ ስትጫኚ እንዲሾል፣ ቀስ ስትይ እንዲለሰልስ። ችግሩ የታብሌት መስታወት የጣትሽን ኃይል አያውቅም። አንዳንድ አፕ ቁልፉን የነካሽበትን ቦታ ነው የሚለካው። ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (አፑን ከውጭ የምትጫወቺበት) በኦቲጂ ገመድ (ታብሌትን ከሌላ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው) ብታገናኚ ድምፁ ሌላ ነው የሚሆነው፣ ሰው ቢያውስሽ እንኳ ሞክሪው።

ላይኛው ኦክታቭ ላይ ድምፁ የሚሰባበር ከሆነ አፑ አልተበላሸም። በሴኮንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) የሚሠራ አፕ ከ24,000 ኸርዝ በላይ ያለውን መያዝ አይችልም፣ የተረፈው ተገልብጦ ወደ ታች ይመጣና ይጮሃል። ሌቭል ስኬሊንግ የሚለውን ክፈቺና ሞጁሌተሩ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር እንዲቀንስ አድርጊው።

ሠርግ ላይ ልጫወትበት ካልሽ ደግሞ አንድ ነገር እወቂ። በጆሮ ማዳመጫ የሚጣፍጥ ኤፍኤም ድንኳን ውስጥ በተጠመደ ትልቅ ስፒከር ሲወጣ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ከመውጣትሽ በፊት የሞጁሌተሮቹን ሌቭል ሁለት ሦስት ቁጥር ቀንሰሽ በሌላ ስም አስቀምጪው፤ አንዱ ለቤት አንዱ ለድንኳን። የብሉቱዝ ማዳመጫ አትጠቀሚ፣ ነክተሽ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርስሽ። ባለ ገመድ ይሁን። አፑ ላይ ባፈር (ድምፁን ቀድሞ የሚያዘጋጅበት መጠን) የሚል ካለ 256 ሞክሪ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 512 ከፍ አድርጊ።

ኮምፒውተር ካለሽ ዴክስድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የዲኤክስ7ን ፋይሎች ይከፍታል፣ አንዱ ፋይል 32 ድምፅ ይይዛል። ታብሌትሽም እነዚህን ፋይሎች የሚያነብ ከሆነ ከኮምፒውተር የሠራሽውን ማዛወር ትችያለሽ።

ክራሩን ስትጨርሺ ቀድተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የኦፕሬተር 2ን ሌቭልና ሬት 2 ቁጥር ጨምረሽ። እኔም ያንኑ ቁጥር እዚህ አስገብቼ እሰማዋለሁ፣ የጎደለውን ነገር እነግርሻለሁ።