አሥረኛው ሰው ሲነሳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ታናሽ ወንድሜ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። በየዓመቱ የሰኔ ማብቂያ ላይ ትልቁ የፖከር ውድድር ሲጀመር በስልክ እየነገረኝ እኔንም አስለመደኝ። ቁማር አልጫወትም፣ መጫወትም አልፈልግም፤ የሰዎቹ ትግል ግን ይይዘኛል። ሌሊት ተነስቼ ስንት ሰው እንደቀረ አያለሁ። ያልገቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ። ማታ በቺፕስ (በገንዘብ ፈንታ በሚወራረዱባቸው ክብ መጫወቻዎች) ብዛት ይመራ የነበረው ሰው ጠዋት ሳየው ወጥቷል፤ እንዴት? 10 ሰው ሲቀር ጥሩ ካርታ የያዘ ሁሉ ካርታውን እየጣለ ይተዋል፤ ፈርቶ ነው? ደግሞ ወንድሜ 10ኛ ሆኖ ለወጣ ሰው ከልቡ ሲያዝን ሰማሁት። ያን ሁሉ ዶላር ይዞ ለሚሄድ ሰው ምን ይታዘንለታል?
እህትዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ወንድምዎ ማዘኑ ልክ ነው።

እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ 11 ዓመት ዲለር ሆኜ ካርታ አድያለሁ። አንድ ጊዜ በአነስተኛ ውድድር ላይ 10 ሰው ቀርቶ ጠረጴዛው የደረሰው እኔን ነበር። ከግራዬ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዲለሩ በስህተት እንዳይሰበስብባቸው ካርታቸው ላይ ሁልጊዜ ያረጀ ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ሁለት ኪንግ ይዘው ያላቸውን በሙሉ አስገቡ። ተጋጣሚያቸው የያዘው ኤስ እና አሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በጋራ ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች አራቱ ለሳቸው በሰላም አለፉ። ጠረጴዛውን በእጄ መታ አደረግሁ፣ አንዱን ካርታ ሳልገልጥ ጣልኩ፣ ሪቨር የሚሉትን የመጨረሻውን ገለጥኩ፤ ኤስ ሆነ። ሁለት ኤስ ሁለት ኪንግን ይበልጣል። ሽማግሌው የሁሉንም እጅ ጨብጠው ሄዱ። ሳንቲሙ እዚያው ቀረ። በሩ ጋ ደርሶባቸው የሰጣቸው ሌላ ተጫዋች ነው፤ ዲለር ከወንበሩ አይነሳም።

በትልቁ ውድድር፣ ማለትም በዓለም የፖከር ተከታታይ ውድድር ዋናው ፍልሚያ፣ 10 ሰው ሲቀር ሁሉም ወደ አንድ ጠረጴዛ ይመጣሉ። መዝገብ ላይ የመጨረሻው ጠረጴዛ የሚባለው ግን 9 ሰው ሲቀር ነው። 10ኛው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እዚያው መብራት ስር ተጫውቶ፣ ስሙ ከዘጠኙ ጋር አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ሴቶች እዚህ ደፍ ላይ ደርሰው ነበር። የኖርዌይዋ ኤሊዛቤት ሂለ 11ኛ፣ የፈረንሳይዋ ጋኤል ቦማን 10ኛ ሆነው ወጡ። ከዚያ በፊት የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ በ1995 5ኛ የወጣችው ባርባራ ኤንራይት። ቀጣይዋን ለማየት እስከ 2025 መጠበቅ ነበረብን፤ የስፔኗ ሊዮ ማርጌትስ 7ኛ ሆና 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደች። ስሟ ሲጠራ እኔ ቤቴ ሆኜ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ።

ካርታ ስለመጣሉ፦ ፍርሃት አይደለም እህቴ፣ ስሌት ነው። በ2025 9ኛ የወጣው 1 ሚሊዮን፣ 8ኛው ደግሞ 1.25 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። አንድ ሰው ሲወጣ የቀሩት ስምንቱ ካርታ ሳይነኩ የእያንዳንዳቸው ዋስትና በ250 ሺህ ዶላር አደገ ማለት ነው። ስለዚህ ከጎንዎ ሊወጣ የደረሰ ሰው ካለ፣ መልካም ካርታ ይዞም ቢሆን መጠበቅ ራሱ ገንዘብ ያስገኛል። መሪው ይህን ያውቃል፤ በየዙሩ ውርርዱን ከፍ እያደረገ ይጫናቸዋል። በጣም የሚጨነቀው ጥቂት የቀረው ሰው ይመስላል፣ አይደለም። እሱ ምርጫ የለውም፤ ካርታ ሲመጣለት ሁሉንም ያስገባል። የሚሰቃዩት መሃል ላይ ያሉት ናቸው። እርስዎም ዓይንዎን እነሱ ላይ ያድርጉ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

መሪው ስለመውደቁ ደግሞ፣ የቺፕሱ ቁጥር ያታልላል። መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ነው፤ ለዚያ 60 ሺህ ቺፕስ ይሰጣል። በ2025 9,735 ሰው ስለገባ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ቺፕስ ከ584 ሚሊዮን ይበልጣል። 30 ሚሊዮን ያለው ሰው ሀብታም ይመስላል። ነገር ግን ተጫዋች በየተራው ሳይወድ የሚከፍለው ብላይንድ አለ፤ እሱም በየጊዜው ያድጋል። ትልቁ ብላይንድ 2 ሚሊዮን ደርሷል እንበል። ትንሹ 1 ሚሊዮን፣ በዚያ ላይ ባለ ትልቁ ብላይንድ ለጠረጴዛው የሚያስገባው ሌላ 2 ሚሊዮን አለ። ጠረጴዛው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር 5 ሚሊዮን ይሄዳል፤ 30 ሚሊዮኑ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ስድስት ዙር ብቻ ያቆያል። ስለዚህ መሪም ቢሆን መጫወት ግድ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ድስት (መሃል ላይ የተጠራቀመ ውርርድ) በተከታታይ ከተሸነፈ አልቆለታል። ወንድምዎን «ስንት ሚሊዮን አለው?» አይበሉት፤ «ስንት ትልቅ ብላይንድ አለው?» ብለው ይጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስላላነሱት ሳይሆን ልቤ ስለማይችል። ወንድምዎ «እኔም ልሞክር» ካለዎት፣ በ2003 ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ መግቢያውን አግኝቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ማሸነፉን ማንሳቱ አይቀርም። እውነት ነው። በዚያ ዓመት ግን የገባው 839 ሰው ነበር፤ ዛሬ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ምንም ሳያገኝ ይወጣል። እኔ የታክሲ ሹፌር ወንድሞቼ የወር ኪራያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ ካርታውን ያደልኳቸው እኔ ነኝ። ይከታተል፣ ይደሰት፣ ገንዘቡን ግን ኪሱ ያቆይ።

ሰዓቱን በተመለከተ ላስ ቬጋስ ከአዳማ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እርስዎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲነሱ እዚያ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው። አሥሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ተመልሰው አይተኙ።