ኮምፈርት፣ ኮንሶል፣ ሱዝ፣ ሪአሹር፦ ተሳስቼ የለየኋቸው ቃላት

እህቴ፣ «ኮምፈርት (comfort)፣ ኮንሶል (console)፣ ሱዝ (soothe)፣ ሪአሹር (reassure) የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ መዝገበ ቃላት ላይ አራቱም ማጽናናት ነው የሚሉት፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አሜሪካ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። መልሴ ከዚያው ነው።

አንድ አዛውንት በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ነበራቸው። ሌሊቱን ፈርተው ሲጨነቁ «አይዞዎት» ስል አደርኩ። ጠዋት ለተረኛዋ ነርስ «ኮንሶል አደረግኳቸው» አልኳት። ደንግጣ «ማን ሞተባቸው?» አለችኝ። ለካ ኮንሶል ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰው ሲሞትበት፣ ሲሸነፍ፣ ሲከስር። ለቅሶ ቤት ሄደን የምናደርገው እሱን ነው። የፈራን ወይም የተጠራጠረን ሰው ግን ሪአሹር ነው የምናደርገው። በእኛ ማረጋጋት በይው።

ሱዝ ወደ ሰውነት ይጠጋል። የሚያለቅስ ሕፃንን እሹሩሩ ማለት ሱዝ ነው። የከረከረ ጉሮሮን የሚያለዝብ ማርም ሱዝ ያደርጋል። ጉሮሮን ኮንሶል ማድረግ አይቻልም መቼም! ማባበልና ማስታገስ ብለሽ ያዢው።

ኮምፈርት ሰፊው ነው። ሥሩ «ፎርቲስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ጠንካራ ማለት ነው። ድሮ ትርጉሙ ማበርታት ነበር። የእኛም «አጽናና» እኮ ከ«ጸና» ነው የወጣው። «እግዜር ያጽናችሁ» የምንለውም ለዚህ ነው። ይሄን ያወቅኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። በኋላ ግን ኮምፈርት ወደ ምቾት ሰፋ፤ ሶፋውም ጫማውም ኮምፈርተብል ሆነ። (ቀጠሮ ሲመቸን ግን ኮንቪኒየንት ነው፤ እዚያ ላይ ብዙዎቻችን እንስታለን።)

ሆስፒታል ውስጥ ግን ይሄ ቃል ሌላ ነው። እናቱ የታመመችበት የአገራችን ልጅ፣ ሐኪሙ «ኮምፈርት ኬር» ሲል፣ ለአክስቶቹ «ምቹ ክፍል ሊሰጧት ነው» ብሎ ሲተረጉም አጠገቡ ነበርኩ። አክስቶቹ «ተመስገን» አሉ። ኮምፈርት ኬር ማለት በሽታውን ለማዳን የሚደረገው ሕክምና ቆሞ፣ ሕመሟን እያስታገሱ መንከባከብ ብቻ ነው። ልጁን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ስለዚህ ቃሉን ከሐኪም አፍ ከሰማሽው፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም «አስተርጓሚ ጥሩልኝ» በይ። እዚህ አገር ሆስፒታሎች ገንዘብ አያስከፍሉበትም።